ለሃስኪያችን የፀጉር እንክብካቤ በዓመት ስንት ዶላር ልመድብ?

የበረዶ ቤተሰብ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። በረዶ የምንለው የሁለት ዓመት ሃስኪ አለን፤ ክብደቱ 52 ፓውንድ ነው። ልጄ ለምና ለምና ያስገባችው ውሻ ነው፤ አሁን ግን ሁላችንም ሳናየው አንውልም። ያስቸገረኝ ፀጉሩ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እየተነቀለ ምንጣፉን፣ ሶፋውንና የሥራ ልብሴን ሞልቶታል። ማታ ጠርጌ የተኛሁበት ቤት ጠዋት ያው ሆኖ ይጠብቀኛል።

አንድ የውሻ ፀጉር ባለሙያ ዘንድ ብወስደው ለማጠብ፣ የሚረግፈውን ፀጉር ለማውጣት፣ ለማድረቅና ጥፍር ለመቁረጥ 120 ዶላር አስከፈሉኝ፤ ከጉርሻው ጋር 140 ሆነ። በየስድስት ሳምንቱ አምጪው ብለውኛል። በዓመት ዘጠኝ ጊዜ ያህል ነው፤ 1,260 ዶላር። እኔ የምችለው በወር 70 ዶላር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለቤት ኪራይ ወይም ለእናቴ ከምልከው ላይ መንካቴ ነው። እናቴ በሰኔ ልትጠይቀን ትመጣለች። ስለ ፀጉሩ በስልክ ስነግራት «አስላጪውና ተገላገይ» አለችኝ። ለመላጨት 90 ዶላር ነው የተባልኩት። ለወራት የሚያሳርፈኝ ከሆነ ይሻል ይሆን? እናንተ ገንዘቡን እንዴት ነው የምትመድቡት?

የሲያትሉ፦

እህቴ፣ እባክሽ አታስላጪው። እኔ ቻው ቻው ውሻዬን ሙቀቱ ይቀልለታል ብዬ በሐምሌ አስላጨሁት። የላጨው ሰው አንዲት ቃል እንኳ አላስጠነቀቀኝም። ጀርባው ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ለአሥራ አራት ወር ባዶውን ቀረ። ሐኪሟ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ሆርሞን እጥረት እንዳይሆን ብላ ደሙን አስመረመረች፤ እጥረት አልተገኘበትም። እንዲህ ያለው ነገር ከተላጩ በኋላ እንደ ሃስኪ፣ ማላሙት፣ ሳሞይድና ቻው ቻው ባሉ የውሻ ዝርያዎች ላይ እንደሚታይ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ለምርመራው የከፈልኩት ከመላጫው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። በርካሽ ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ማበጠሪያ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በረዶ ሁለት ዓይነት ፀጉር ነው ያለው። የላይኛው ረጅምና ጠንካራ ነው፤ እንደ ሣር ክዳን ዝናቡንም ፀሐዩንም ይመልሳል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ባዘቶ ነው፤ ለስላሳና የተጠቀጠቀ። አሁን ቤትሽን የሞላው ይህ ባዘቶ ነው። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ ፀጉሩን መላጨት አያበርደውም፤ እንዲያውም ቆዳውን ለፀሐይ ያጋልጠዋል። የሞተው ባዘቶ ተበጥሮ ሲወጣለት ግን አየር በፀጉሩ መካከል ያልፋል፤ የሚያሳርፈው እርሱ ነው። ደግሞም የተላጨ ውሻ ፀጉሩ መርገፉን አይተውም። አጭር ሆኖ ይረግፋል፤ አጭሩ ፀጉር ሶፋ ጨርቅ ውስጥ እንደ እሾህ ስለሚሰካ ለመጥረግ ከረጅሙ የባሰ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። 120 ዶላር ለዚህ አካባቢ የተጋነነ አይደለም። በመርገፊያው ወቅት አንድ ሃስኪ አጥቦ፣ በኃይለኛ አየር አድርቆና አበጥሮ ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የምትከፍዪው ለሻምፖው ሳይሆን ለዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ያሳጠረ ሁሉ ዋጋውን ያሳጥራል። ከጆሮ ጀርባ፣ በብብቱና በኋላ እግሮቹ መካከል የተቋጠረ ፀጉር ይዞ ከመጣ ብዙ ቤቶች ጭማሪ ይጠይቃሉ። ቀጠሮ ስትይዢ «ለተቋጠረ ፀጉር ስንት ትጨምራላችሁ?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ።

በየስድስት ሳምንቱ ለሃስኪ የግድ አይደለም። ቤት ውስጥ የሚበጠር ከሆነ በዓመት አራት ጊዜ ይበቃዋል። ነገር ግን አራቱን በእኩል ርቀት አትበትኛቸው። አንዱን አሁን በፀደይ፣ አንዱን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ ባዘቶው በሚነቀልበት ወቅት አድርጊው። የቀሩት ሁለቱ በመካከል ይግቡ። 140 ሲባዛ በአራት 560 ነው። በቀሩት ጊዜያት የእንስሳት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚያጥብበት ገንዳ አለ፤ እኔ በማውቃቸው ቦታዎች 20 ዶላር ገደማ ነው። አራት ጊዜ ብትሄጂ 80። ጥፍር ብቻውን 15 ዶላር ቢሆንና በመካከል ስድስት ጊዜ ቢቆረጥ 90። ለዕቃ አንድ ጊዜ 50 ዶላር ያዢ፤ ረጃጅም ጥርስ ያለው ሬክ የሚባለው መሳሪያ፣ ቀጫጭን ሽቦ ያለው ብሩሽና የብረት ማበጠሪያ ይበቃሻል። ድምሩ 780 ነው። ያንቺ በጀት በዓመት 840 ስለሆነ የቀረውን 60 በመርገፊያው ወቅት ለሚመጣ ጭማሪ አስቀምጪው።

የቡችላ አባት (ዴንቨር)፦

ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ክፍያው በየወሩ እኩል አለመምጣቱ ነው። እኔ ሰባ ዶላሩን ደመወዝ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውረዋለሁ፤ እንደ እቁብ ማለት ነው፤ እጣው የሚወጣው ለውሻው ነው። የፀደዩ ቀጠሮ ሲደርስ ገንዘቡ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ዓይነት የአየር ማድረቂያ በ110 ዶላር ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ ራሴ እሠራለሁ። በሁለት ቀጠሮ ዋጋውን መለሰ። እህታችንም ብታስብበት ጥሩ ነው።

ማበጠሪያ፦

ጋራዥ ላለው ሰው እውነት ነው። እርሷ አፓርታማ ውስጥ ከሆነች ግን ድምፁ ጎረቤት ያስነሳል፤ የሚበተነውም ፀጉር ግድግዳ ለግድግዳ ይለጠፋል። ውሻውንም ቀስ በቀስ ከድምፁ ጋር ማለማመድ ያስፈልጋል፤ በአንዴ ከተለቀቀበት ሁልጊዜ ይፈራዋል።

ከአዲስ አበባ፦

ልጄ፣ እኔ ጀርመን ሼፐርድ በግቢ አሳድጋለሁ። እርሱም ባለ ድርብ ፀጉር ነው፤ ባለሙያ ዘንድ ግን ወስጄው አላውቅም። እዚህ ፀጉሩ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይረግፋል እንጂ እንደ እናንተ አገር በአንድ ጊዜ አይወርድም። የሚረግፍበትን ጊዜ የሚወስነው በተለይ የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በዋሽንግተን አካባቢ አምስት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ስለዚህ እናትሽ «የእኛ ውሾች እንዲህ አይደሉም» ብትልሽ ያየችውን ነው የምትናገረው፤ አስረጃት። እኔ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ አበጥረዋለሁ። እርሱም ሰዓቷን ያውቃል፤ በረንዳው ላይ መጥቶ ይጋደማል።

የበረዶ ቤተሰብ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የነገሩኝን ለእናቴ ቃል በቃል አነብላታለሁ። መላጨቱን ትቼዋለሁ።

ወንድሜ ማበጠሪያ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። አፓርታማ ነው የምንኖረው፤ በገንዳው ስናጥበው ከማጠብ በፊት ነው የምናበጥረው ወይስ በኋላ? ደግሞስ ባለሙያ ዘንድ ስተወው ምን ልጠይቅ? እኛ እዚያ ስለማንቆም ይጨንቀኛል።

ማበጠሪያ፦

ከማጠብ በፊት። ቋጠሮ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ በመቀስ እንጂ በማበጠሪያ አይፈታም። ፀጉሩን በእጅሽ ገልጠሽ ቆዳው እስኪታይ መስመር በመስመር አበጥሪ፤ ላይ ላዩን ብቻ ከሄድሽ ባዘቶው ከሥር ተደፍኖ ይቀራል። ሬኩን አንድ ቦታ ላይ አትደጋግሚ፤ ቆዳ ይቆጣል። ከታጠበ በኋላ ሥሩ ድረስ መድረቁን በጣትሽ እያረጋገጥሽ ውጪ፤ እርጥበት ከታፈነ ቆዳው ይቆስላል። የገንዳው ቤት ማድረቂያ ካለው እስኪበቃው ተጠቀሙበት።

ባለሙያውን ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ ውሻውን በሣጥን ዘግታችሁ በሙቅ አየር ነው የምታደርቁት? አዎ ካሉሽና አጠገቡ የሚቆም ሰው ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ በዚያ ሙቀት የሞቱ ውሾች አሉ። በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለዚህ ሥራ የግል የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ መጠየቅ ያለብሽ አንቺው ነሽ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱንም ያዢ፤ ብዙ ቤቶች ያለ እርሱ አይቀበሉም።

ለእናትሽ መምጫ የሚሆነውን ቀጠሮ ዛሬውኑ ያዢ። በዚህ ወቅት ሁሉም ስለሚመጣ ሳምንታት ያስጠብቃል።

የበረዶ ቤተሰብ፦

ደውዬ ይዣለሁ፤ እናቴ ከመግባቷ አራት ቀን በፊት ነው። ለተቋጠረ ፀጉር 25 ዶላር እንደሚጨምሩም ነገሩኝ። በሣጥን አያደርቁም፤ በእጅ ነው አሉኝ። ሬኩን ዛሬ ገዛሁ፤ ልጄ ጆሮ ጆሮውን እኔ ጀርባውን ተካፍለናል። ማታ ከእራት በኋላ እንጀምራለን።