የየቀኑን ኢንሄለር ትቼ በሰማያዊው ብቻ ቀረሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አስም አለብኝ። ሁለት ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ታዞልኛል፤ አስሙ እንዳይነሳ ጠዋትና ማታ የምወስደው ቤክሎሜታዞን እና ሲያፍነኝ ብቻ የምስበው ሰማያዊው ሳልቡታሞል። ሰማያዊው በደቂቃዎች ውስጥ ደረቴን ስለሚከፍትልኝ፣ ያኛው ግን ስወስደው ወዲያው ምንም ለውጥ ስለማይሰማኝ፣ ቀስ በቀስ ተውኩት። አሁን ሌሊት ሳል ይቀሰቅሰኛል፤ ሰማያዊውንም በሳምንት 4 እና 5 ቀን እየሳብኩ ነው። ከ2 ቀን ሲያልፍ አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ቤክሎሜታዞኑንም ዛሬ እንደገና ጀመርኩ። እናንተ በየቀኑ ሳትረሱ እንዴት ነው የምትወስዱት? ደግሞ ያኔ ስወስደው አፌን ብጉመጠመጥም ድምፄ ይሻክር ነበር፤ ለዚህ ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠመው ቱቦ) የረዳው ሰው አለ? እባካችሁ ንገሩኝ።