ለአሥር አለቃ ሙት ዓመት የምናቀርበው ሐሳብ፤ ሁላችሁም ጨምሩበት

የእድሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን። የአሥር አለቃ ሙት ዓመት ሁለት ወር ቀረው። ለጉባኤ የምናቀርበውን እዚሁ እንጨርሰው። ረቂቁ ይኸው፦ መቃብራቸው ላይ «የቃኘው ሻለቃ ዘማች፣ የኮሪያ ጀግና» ተብሎ ይቀረጽ። ከጸሎቱ በኋላ የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ። የጎደለውን ንገሩኝ።

ትልቋ ልጃቸው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ይሄ አባባን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ከኢትዮጵያ ጦር፣ ከቃኘው ጋር፣ ኮሪያ ጦርነት የቆየው አንድ ዓመት ነው። ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሽመና ክፍል፣ 31 ዓመት ሠርቷል። እኛ የምናውቀው አባት ከሌሊት ፈረቃ ሲገባ ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ያረፈበትን ነው። ሳይታጠብ አያቅፈንም ነበር። እኛ ደግሞ በር ላይ ጠብቀን እንጠመጠምበታለን። ሰባት ልጅ ያሳደገው በዚያ ደመወዝ ነው። እሱም ይጻፍልኝ።

አብሯቸው የሠራ ጡረተኛ፦
እውነቷን ነው። ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ። የተበጠሰ ክር አቋጣጠር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በማሽኑ ጩኸት ቃል አይሰማም፤ እጄን ይዘው፣ ጣቴን በጣታቸው እየመሩ ነው ያስተማሩኝ። ስለ ኮሪያ ግን ትንፍሽ አይሉም። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር። ለደቡብ የዘመተ ሰው ሜዳሊያውን ደብቆ ነው የኖረው። እኔ ዘማች መሆናቸውን የሰማሁት ከ1983 በኋላ ነው። ያ ሁሉ ዓመት ዝም ማለታቸውም በታሪካቸው ይነበብ።

የልጅ ልጅ፣ ከቶሮንቶ፦
ሜዳሊያውን ባለቤቱ እማማ ናት በዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀብራ ያቆየችው። ጥብጣቡ እጥፋት ውስጥ እስካሁን ዱቄት አለ። ፎቶዎቹን ግን የ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወሰደብን። አንድም አልተረፈም። ፋብሪካ ውስጥ አብሯችሁ የተነሳው ፎቶ ያላችሁ፣ እባካችሁ ፈልጉልን። አብረውት የሠሩትም በስልክ ድምፃቸው ይቀረጽ። ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ እያሉልን ይደረግ።

ለሚነበበው ታሪክ ደግሞ ይሄን ጨምሩ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፣ ከዚያ በመርከብ ፑሳን ገባ። ባቡሩ በድሬ ነው ያለፈው። አያቴ ድሬን መጀመሪያ ያየኋት በባቡር መስኮት ነው ይለን ነበር። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል። የተማረከ የለም።

የእድሩ ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉም ደስ ይላል። ድንኳንና ወንበር ከእድሩ። ድግስ ይቅር ካላችሁ ንፍሮና ዳቦ ይበቃል፤ የተረፈው ለድንጋዩ ይዋል። እብነ በረድ ጠራቢው ሒሳቡን በፊደል ስለሚቆጥር ጽሑፉን አሳጥሩት።

የእድሩ ጸሐፊ፦
እሺ። አሳጥሬ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የቃኘው ዘማች፣ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ የሰባት ልጆች አባት»። ድምፅ ቀረጻው ከፊታችን ቅዳሜ ይጀመር። ቅዳሜ ከሰዓት ጡረተኞቹን ሰብስበህ ቆየን ወንድሜ። እህቴ፣ የእማማን ፈቃድ ጠይቂልን።

ትልቋ ልጃቸው፦
ጠየቅኳት። ሁለቴ አስነበበችኝ። «አባት» የሚለው ከላይ ይሁን ብላለች።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ይሁን። ከላይ አድርጌ እሁድ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ።