ለጭንቀት የትኛው ዮጋ ይሻላል? ወደ ሐዋሳ ለምትመለሱም

ከኦስሎ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ከፋሲካ በኋላ ጠቅልዬ ልገባ ነው። እዚህ ክረምቱ ጨለማ፣ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዮጋ ሞክሪ ተባልኩ፤ ዓይነቱ ግን መዓት ነው። የቱን ልጀምር?

ከሐዋሳ፦
እህቴ፣ እኔም ዓመታት ውጭ ቆይቼ የተመለስኩ ነኝ። ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ነገር ለዪ። ያስቸገረሽ ሐሳብ አላቆም ማለቱ ነው ወይስ ከአልጋ መነሣት ማቃቱ?

ሐሳብ ለሚያባንነው ሰው ረጋ ያለው ይሻላል። ዪን የሚባለው ላይ አንዱን አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይዘሽ ትቆያለሽ። ዮጋ ኒድራ ደግሞ ጭራሽ እንቅስቃሴ የለውም። በጀርባሽ ተጋድመሽ የመምህሩን ድምፅ እየተከተልሽ ሰውነትሽን ከእግር እስከ ራስ ታዳምጫለሽ። ለፈረቃ ሠራተኛ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ትልቁ ነገር ትንፋሹ ነው። ቀስ ብለሽ ስትተነፍሺ፣ በተለይ ማስወጣቱን ስታስረዝሚ፣ የልብ ምት ረገብ ይላል። 4 ቆጥረሽ አስገቢ፣ 6 ቆጥረሽ አስወጪ። ይሄ ባጃጅ ውስጥም ይሠራል።

ድብርት ለተጫነው ግን ሁልጊዜ መጋደሙን አልመክርም። ቪንያሳ እንቅስቃሴን ከትንፋሽ ጋር ያስኬዳል፤ ያላብሻል፣ ያነቃቃሻል። 40 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ክፍል የሚሠራውን ቢክራምን በጾም ሰሞን እንዳትሞክሪው። ውሃ ሳይጠጡ 90 ደቂቃ ማላብ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው?

ከቶሮንቶ፦
እናቴ «የባዕድ አምልኮ ነው» ብላ አኩርፋኛለች። ምን ልበላት?

ከሐዋሳ፦
ወንድሜ፣ እማማ ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም። ሥሩ ከሕንድ እምነቶች ጋር የተያያዘ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ኩንዳሊኒ በሚባለው ዮጋ ላይ ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል) ማዜም አለ፤ ቅር የሚልህ ከሆነ እሱን ተወው። ሃታ የሚባለው ዮጋ ብዙዎቹ ክፍሎች ግን ማፍታታትና ትንፋሽ ብቻ ናቸው። አንድ ቀን አብረሃት ሥራ፣ ራሷ ትፍረድ።

ከኦስሎ፦
የኔ ሐሳቡ ነው የማያስተኛኝ። በኒድራ እጀምራለሁ። መድኃኒትም እወስዳለሁ፤ ልተወው እንዴ?

ከሐዋሳ፦
በፍጹም! ያለ ሐኪምሽ እንዳትነኪው። ዮጋው ከሕክምናው ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም። የሕክምና ማስረጃሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ፤ እዚህ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መምህር እስክታገኚ ቤትሽ ውስጥ በስልክ ቅጂ ትቀጥያለሽ። ጠዋት ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በኩል እንራመዳለን፣ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ።