«ሾፌ» መንዳት ነው ወይስ ማሞቅ?

የሰቢያን ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ሹፌር የሚለው ቃል «ሾፌ» ከሚባለው የፈረንሳይኛ ግስ መጣ ይባላል። እንዲያ ከሆነ «መኪና እነዳለሁ» ለማለት «ዠ ሾፍ ላ ቯቱር» ቢባል ያስኬዳል? መዝገበ ቃላቱ «ማሞቅ» ነው የሚለው።

ከዚራ፦
አቦ፣ አያስኬድም! እንዲህ ካልከው ፈረንሳዊው መኪናዋን እያሞቅካት ነው ብሎ ነው የሚረዳህ። መንዳት «ኮንድዊር» ነው። ሾፌ ከላቲኑ «ካሌፋኬሬ» የወረደ ነው፤ «ካሌሬ» መሞቅ፣ «ፋኬሬ» ማድረግ።

ቃሉን ወደ መሪው ያመጣው እንፋሎት ነው። በእንፋሎት ባቡር ላይ ሁለት ሰው ይቆማል፦ ባቡሩን የሚነዳው «መካኒሲያን» ይባላል፣ በአካፋ ከሰል እያቀበለ ምድጃውን የሚያነደው ደግሞ «ሾፈር»። ሹፌር በመጀመሪያ የሚነዳው ሳይሆን የሚያነደው ነበር ማለት ነው (አማርኛው ራሱ እዚህ ይቀልዳል)። ከቀደሙት መኪኖችም በእንፋሎት የሚሄዱ ነበሩ፤ እሳቱ ካልነደደ አይንቀሳቀሱም። ስሙም በነጂው ላይ ቀረ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ ፈረንሳይኛው ሁለቱንም ትርጉም ይዞ ነበር።

ለገሃር፦
አነባበቡ ላይ ልጨምር። የግሱ የመጨረሻ «ር» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። «ዠ ሾፍ፣ ትዩ ሾፍ፣ ኢል ሾፍ» (እኔ፣ አንተ፣ እሱ) የግሱ ድምፅ አንድ ነው፤ የሚለዩት «ኑ ሾፎን» (እኛ) እና «ቩ ሾፌ» (እናንተ) ናቸው። ላለፈ ጊዜ «ዤ ሾፌ»።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። የቀዘቀዘ ወጥ እንደገና ሲሞቅ «ሬሾፌ» ነው። ኳስ ተጫዋች ሰውነቱን ሲያሟሙቅ «ሴሾፌ»። ጠዋት ሞተር አስነስቶ ማሞቅ «ፌር ሾፌ ለ ሞተር» ይባላል፤ «ለ ሞተር ሾፍ» ብቻ ካልክ ግን ሞተሩ ጋለ፣ ቆም ብለህ ውሃውን እይ እንደማለት ነው የሚሰማው። «ሎ ሾፍ» ደግሞ ውሃው እየሞቀ ነው፤ ከፈላ ግሱ ይቀየራል፣ «ሎ ቡ» ነው።

የሰቢያን ልጅ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የድሬ ሙቀት ሲያቃጥልስ «ዠ ስዊ ሾ» ይባላል?

ከዚራ፦
ኧረ ተው! እሱ «አለሁበት፣ ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው፤ አንዳንዴም ነውር ይሆናል። «ዤ ሾ» በል፣ ቃል በቃል «ሙቀት አለኝ»። ለአየሩ «ኢል ፌ ሾ»።