የኩርትዝ የመጨረሻ ቃል ባማርኛ ምን ይባል?

የማርቆስ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማታ ማታ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ጆሴፍ ኮንራድ በ1899 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ሃርት ኦፍ ዳርክነስ» የተባለ የኮንጎ ልብ ወለድ ለራሴ እተረጉማለሁ። አንድ ቃል ላይ ከቆምኩ ሳምንት ሆነኝ። የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢው ኩርትዝ ታሞ፣ በእንፋሎት ጀልባ ወንዙን ሲወርዱ ይሞታል። ሊሞት ሲል፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ «ዘ ሆረር!» ይላል። «ያስፈራል» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ምኑ ነው የሚያስፈራው? ሞቱ? ሥራው? እንግሊዝኛው ዝም ይላል። አማርኛው ግን ግሥ ካመጣህ ባለቤቱን አምጣ ይለኛል።

ሞጣ፦
«ጉድ! ጉድ!» በለውና ተገላገል።

የማርቆስ መምህር፦
ሞክሬው ነበር። ጎረቤት የሚያማ መሰለብኝ።

ዲማ የቆየሁ፦
እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ ቅኔ ነው የተማርኩት። አንተ ልጅ፣ ከመሞቱ በፊት ምን ሠርቶ ነበር? ሰሙን ሳትነግረን ወርቅ ታስቆፍረናለህ።

የማርቆስ መምህር፦
ይቅርታ የኔታ። አፍሪካውያንን ስለማሠልጠን ያማረ ጽሑፍ ጽፎ፣ ግርጌው ላይ «አውሬዎቹን ሁሉ ፍጇቸው!» ብሎ ጨምሮበታል። ቤቱ ፊት ለፊት የሰው ጭንቅላት እንጨት ላይ ተሰክቷል።

ዲማ የቆየሁ፦
እንግዲያ «ሰቀቀኑ! ሰቀቀኑ!» በል። ግሥ የለበትም፣ ባለቤት የሚጠይቅህም የለም። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኑ» ደግሞ ተመልከት። ያ ሁሉ የምናውቀው ሰቀቀን ትሆናለች፣ የራሱ የሰውየው ሰቀቀንም ትሆናለች። ኅብር ማለት ይቺ ናት። እንዳትፈታት!

ቢቸና፦
እኔ የማልረሳው ታሪኩን የሚተርከውን ማርሎውን ነው፣ ኩርትዝ ሲሞት የሰማውን። ከዓመት በላይ ቆይቶ የኩርትዝ እጮኛ ስትጠይቀው «የመጨረሻ ቃሉ የእርስዎ ስም ነበር» አላት። ዋሸ። ሰው ይፈርድበታል፣ እኔ አልፈርድበትም። አያቴ ሲሞት «ጥጃዋን ፍቱልኝ» አለ። አጎቶቼ ነፍሱን ማለቱ ነው ብለው አለቀሱ፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ ይኸው ተወራ። ጥጃዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ነበር። ሄጄ የፈታኋት እኔ ነኝ። እስካሁን ለአጎቶቼ አልነገርኳቸውም።

የማርቆስ መምህር፦
እህቴ፣ እንቅልፍ አሳጣሽኝ። የኔታ፣ «ሰቀቀኑ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ሞቱን የሚያረዳው አሽከር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው። እሱን በየትኛው አማርኛ ልስበረው?