ሃሎዊን ማታ ሁለት ልጆች ይዤ ልወጣ ነው፤ ምኑን ነው የምጠነቀቀው?

የሳምሪ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ7 ዓመቱ ልጄና የ4 ዓመቷ እህቱ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትሪክ ኦር ትሪት ሊሉ ነው፣ ማለትም ልዩ ልብስ ለብሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ ሊጠይቁ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ እዚህ ባናነሳው ደስ ይለኛል። ትልቁ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፣ ኢፒፔን (አለርጂው ሲነሳ ወዲያው የሚወጋ መርፌ) ታዞለታል። ትንሿ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ዘውድ ደፍታ ንግሥት ልሁን ብላለች። ሰው ሁሉ «ከረሜላ ውስጥ መርዝና መርፌ ይከታሉ» እያለ ያስፈራራኛል። እውነት ዋናው አደጋ እሱ ነው?

መንገደኛው፦
አይደለም እህቴ። ዋናው አደጋ መኪና ነው። ከ1975 እስከ 2016 የደረሱ አደጋዎችን የመረመረ ጥናት፣ በሃሎዊን ማታ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱ እግረኞች ከሳምንት በፊትና በኋላ ካሉት ምሽቶች በ43 በመቶ በልጠው አግኝቷል። የከፋው ከምሽቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው (በአሜሪካ አቆጣጠር)፣ ጭማሪው ደግሞ ከ4 እስከ 8 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ያንቺዎቹ ሁለቱም እዚያ ውስጥ ናቸው። በእናንተ ሰፈር በዚያ ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው ከ6 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አለፍ ሲል ነው፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚነዳበት፣ ልጁ ከቤት የሚወጣበትና ጨለማው የሚወርድበት ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማል። ትንሿን ይዘሽ ገና ብርሃን ሳለ ብትወጪ፣ ልክ ሲጨልም ብትመለሱ ጥሩ ነው።

አካሄዳችሁ እንዲህ ይሁን። የመንገዱን አንድ ወገን እስከ መጨረሻው ትጨርሳላችሁ፣ ማዕዘኑ ላይ ትሻገራላችሁ፣ በሌላው ወገን ትመለሳላችሁ። ልጆች የሚገጩት ማዶ ያለው ቤት የተሻለ ከረሜላ እንደሚሰጥ ሲሰሙ በቆሙ መኪኖች መሀል ሮጠው ሲወጡ ነው፤ ሾፌሩ የሚያያቸው ፊቱ ከደረሱ በኋላ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ድራይቭዌይ ነው፣ መኪና ከቤት ወደ መንገድ የሚወጣበት መግቢያ። ወደ ኋላ የሚወጣ መኪና የ4 ዓመት ልጅ ቁመቷ እስከ ኋላ መስታወቱ ስለማይደርስ አያያትም። የኋላ መብራቱ በርቶ ካያችሁ ቁሙ።

አንጸባራቂ ቴፕ ግዢ። ብዙ ሰው ጀርባ ላይ ብቻ ይለጥፋል፣ ግን የሚሻለው ቁርጭምጭሚትና የእጅ አንጓ ዙሪያ ነው፤ የሚወዛወዝ እግር ሲያይ ሾፌሩ ሰው መሆኑን ቶሎ ይለያል። ለስላሳ ጥጥ ላይ ስለሚላቀቅ ጫማውና የከረሜላው ቦርሳ ላይም ጨምሪ። መሥራቱን ለማወቅ ጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ ፍላሽ ፎቶ አንሺው፤ ደህና ቴፕ ከሆነ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይቦገጋል። የበረንዳ መብራት የጠፋበትን ቤት እለፉት፣ እንግዳ አንቀበልም ማለት ነው። ማንም ቢጋብዝ ከደጃፍ አልፎ መግባት የለም።

ጥልፍ በእጅ፦
ስለ ነጠላው ልንገርሽ። ነጠላ ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ ነው፣ በክሮቹ መሀል አየር ስላለ እሳት ከነካው በሰከንዶች ይያያዛል። ሰዎች ደግሞ ሻማ የበራበትን ዱባ የሚያስቀምጡት ደረጃ ላይ፣ ልክ በልጅ ጉልበት ቁመት ነው። ልጅቷ ከረሜላ ለመውሰድ ጎንበስ ስትል የነጠላው ጫፍ እዚያ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ነጠላው ይቅር፤ እምቢ ካለች አጥፈሽ ትከሻዋና ወገቧ ላይ በክር ያዥው፣ ከወገብ በታች የሚንጠለጠል ጥለት አይኑር። በመርፌ ቁልፍ አትመኚ፣ ይከፈታል።

የቀሚሱ ዘርፍ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፣ ደረጃ ስትወጣ ጎንበስ ብላ መሰብሰብ የለባትም። ከሥር ሹራብና ሙቅ ታይት፣ እግሯ ላይ ስኒከር። ዘውዱ ዓይኗ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ከሹሩባዋ ጋር እሰሪው። ለልጅሽ ከማስክ የፊት ቀለም ይሻላል፣ ማስክ የጎን እይታን ይከልላል። ቀለሙን አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብተሽ ሞክሪ፣ ካሳከከው ተይው። ከሱቅ የተገዛ ኮስቹም ላይ «እሳት ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም በቶሎ አይያያዝም ለማለት እንጂ አይቃጠልም ለማለት አይደለም። ልብሳቸው ከተያያዘ እንዳይሮጡ፣ ቆመው፣ መሬት ተኝተው፣ ፊታቸውን ሸፍነው እንዲንከባለሉ ቤት ውስጥ አለማምጃቸው።

ፋርማሲ አሌክሳንድሪያ፦
የመርዙ ወሬ መነሻ አለው። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ ሳያናይድ የገባበት ከረሜላ በልቶ ሞቷል፤ መርዙን የጨመረው ግን የማያውቀው ሰው ሳይሆን የኢንሹራንስ ገንዘብ የፈለገ የገዛ አባቱ ነበር። ቤት ስትገቡ ከረሜላውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈሽ የተቀደደውን፣ የተከፈተውንና የማታውቂው ሰው ቤት የሠራውን ጣይ፣ ይበቃል።

ያንቺ ጉዳይ አለርጂው ነው። ለሃሎዊን የሚሸጡት ትናንሾቹ ቸኮሌቶች ስማቸው ከትልቁ ጋር አንድ ቢሆንም ቅመማቸው ወይም ፋብሪካቸው ሊለይ ይችላል፣ ብዙዎቹ ላይም የቅመሙ ዝርዝር አይጻፍም። ሕጉ አጭር ነው፦ ዝርዝር የሌለው አይበላም። መንገድ ላይ ምንም እንዳይቀምስ፣ ከመውጣታችሁ በፊት እራት አብዪው፣ ኪስሽ ውስጥ የምታውቂውን ከረሜላ ያዢ። ኢፒፔኑ ካንቺ ጋር ይሁን፣ መኪና ውስጥ አይቀመጥ፣ ብርድም ሙቀትም ያበላሸዋል። ከወጋሽው በኋላ ቢሻለውም 911 ደውዪ፤ ምልክቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለ ቀለም የተቀባ ዱባ ደጁ ላይ ያለበት ቤት፣ ምግብ ያልሆነ ነገር ለምሳሌ ስቲከር አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ለትንሿ ጠንካራ ክብ ከረሜላ፣ ማስቲካና ለውዝ አትስጪ፣ ያንቃታል። የምትበላውም ቁጭ ብላ ነው። አንድ ተጨማሪ፦ የካናቢስ (ማሪዋና) ከረሜላ መጠቅለያው ልክ የልጆች ይመስላል። ልጁ ያለወትሮው ከፈዘዘ ወይም ከተንገዳገደ ፖይዝን ኮንትሮል (የመርዝ ምክር የስልክ መስመር) 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነፃ ይመልሳል፣ አስተርጓሚ ጠይቂ። ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ግን በቀጥታ 911።

የሳምሪ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ነጠላውን ትቼዋለሁ። እኛ ዱባ ውስጥ የምናበራው በባትሪ የሚሠራውን ሻማ ነው። እሱስ ችግር አለው?

ፋርማሲ አሌክሳንድሪያ፦
ከእሳቱ በጣም ይሻላል። ግን ገልብጠሽ እዪው። ብዙዎቹ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቲም መሳይ ባትሪ አለ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል፣ ከእርጥበቱ ጋር ኤሌክትሪክ ፈጥሮ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ክዳኑ በብሎን የሚታሰረውን ብቻ ግዢ። ተውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ አታስመልሺያት፣ ምግብም አትስጪ። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፣ ባትሪው ከተዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላውና መዋጥ ከቻለ፣ መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቢበዛ ስድስት ጊዜ ይሰጣል፤ ማር ለመፈለግ ብለሽ ግን አትዘግዪ።