ክርክር፦ በአመክሮ የወጣን ሰው የሚከታተል ሠራተኛ ማስፈረም ብቻ ነው ሥራው?

አሞራ ገደል፦ የሐዋሳ ልጆች፣ ትናንት ሻይ ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። በአመክሮ ወይም በገደብ የተለቀቀን ሰው የሚከታተሉ ሠራተኞች ጠባይ እንዲያርሙ፣ ሱስ እንዲያስተዉ ይሠልጥኑ ወይ? እኔ ይሠልጥኑ ባይ ነኝ። የአክስቴ ልጅ በየወሩ እየሄደ ይፈርም ነበር። መዝገብ ይገለጣል፣ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ ይሰጠዋል፣ «በል ቻው»። በአራተኛው ወር እጁ ተንቀጥቅጦ ፊርማው ከመስመር ወጣ። መጠጡ ተመልሶበት ነበር። ያኔም «በል ቻው»።

ባለ ባጃጅ፦ ወንድሜ፣ የእኔን ባትሪ ሁለቴ የፈታው ልጅ ሥራ እንጂ ምክር አላጣም። ደግሞ ሥልጠና እኛ ጋ አበል ማለት ነው። ሦስት ቀን ሆቴል፣ ሻይ ዕረፍት፣ ሰርተፍኬት፣ አለቀ። ባትሪዬንስ ማን ይከፍለኛል?

ጠበቃዋ፦ ባትሪህን ሕጉ አልረሳውም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አመክሮ የሚያገኘው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩን ያሻሻለ፣ የተበዳዩንም ጉዳት አቅሙ በፈቀደ የካሰ ነው። ፍርድ ቤት «ከመጠጥ ራቅ፣ ሙያ ተማር» ብሎ ሊያዝም ይችላል። መራቁን ማን ያያል? ያው አስፈራሚው! ሦስት ቀን ላልከው፣ ካናዳም ሦስት ቀን ነበር። 80 ተቆጣጣሪዎችን በዕጣ ከፍለው አንዱን ወገን አሠለጠኑ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዳግም የተፈረደባቸው በሠለጠኑት ሥር ወደ 25 በመቶ፣ ባልሠለጠኑት ሥር ወደ 40 በመቶ ነበሩ። ግን ከሦስቱ ቀን በኋላ በየወሩ እየተገናኙ ሥራቸውን ይገመግሙ ነበር። «ፈረምክ?» ከማለት «ያን ከማድረግህ በፊት ምን አሰብክ?» ወደ ማለት ነው የተሻገሩት።

ጋሽ መምህር፦ ልጆቼ፣ ካናዳ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? ሲዳማ አፊኒ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለው። ሽማግሌው ከመፍረዱ በፊት «ሰምታችኋል ወይ?» ይላል።

አሞራ ገደል፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሽማግሌ ግን ያስታርቃል እንጂ አረቄ አያስተውም። የአክስቴ ልጅ ከሁሉም ታርቆ ነበር።

ባለ ባጃጅ፦ እሺ ይሠልጥኑ። ግን እዚያው ቢሮአቸው፣ ያለ አበል።

ጠበቃዋ፦ ያለ አበል ማን ይመጣል ብለህ ነው? 😂